ቀንና ሰዓት ያለው የፋይል ስም፦ የትኛው ዳታቤዝ እንዴት ይጽፈዋል? የትኛውን ልምረጥ?

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ በየወሩ አንድ አንድ ደቂቃ እየዘገየ ነው።»

የደወለችልኝ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ካሸር ናት። ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ የዓድዋ በዓል ባለፈ በሳምንቱ። መደርደሪያ ላይ ያለውን የመድኃኒት ብዛት በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ፋይል የሚያወጣ ትንሽ ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ ጽፌላቸው ነበር። የፋይሉ ስም ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል። እሷ ፎልደሩን ስትከፍት የዚያ ሳምንት ስሞች ሁሉ መጨረሻቸው 03 ነው። 1403፣ 1503፣ 1603። ከየካቲት 22 በፊት የነበሩት 02። ከጥር 23 በፊት የነበሩት ደግሞ 01። ታዲያ «በየወሩ አንድ ደቂቃ ይዘገያል» ብትል ምን ይፈረድባታል?

ኮምፒውተሩ አልዘገየም። ጥፋቱ የኔ ነው። ደቂቃ መሆን ባለበት ቦታ የፈረንጁን ወር ቁጥር ነበር የጻፍኩት። በዚያ ዓመት ጥር 23 ማለት ፌብሩዋሪ 1፣ የካቲት 22 ማለት ማርች 1 ነው። የባሰው ሌላ ነበር። በ8 ሰዓት የወጣው ፋይልና በ8 ሰዓት ተኩል የወጣው ፋይል አንድ ስም ያዙ። የኋለኛው የፊተኛውን ደመሰሰው። በየቀኑ ግማሹ ፋይል ጠፍቷል ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ልብ አላለም፤ እኔም ጭምር።

ስህተቱን ያረምኩት በስልክ ነው። እሷ ኪቦርዱ ላይ፣ እኔ አዘዞ ታክሲ ውስጥ። «ኤም፣ ከዚያ አይ። አይ እንደ ኢንተርኔት መጀመሪያ» እያልኩ ፊደል በፊደል አነበብኩላት። ቀጥሎ ያለውንም እንደዚያው በስልክ እንደማነብላችሁ አድርጋችሁ ውሰዱት። ካፒታል ስል ትልቁን ፊደል፣ ስሞል ስል ትንሹን ማለቴ ነው።

ስሙ ምን ይምሰል?

ይሄን ቶሎ እንለፈው። ዓመት ይቅደም፣ ከዚያ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ። እንዲህ፦ 20240120_143000። ሁሉም ቁጥር ዜሮ ተሞልቶለት እኩል ርዝመት ይኑረው። እንዲህ ከሆነ ፎልደሩን በስም መደርደር በጊዜ መደርደር ነው። በተቃራኒው ቀኑን ካስቀደማችሁ የየወሩ አንደኛ ቀን ፋይሎች ባንድ ላይ ይሰለፋሉ። ጃንዋሪ 1፣ ከዚያ ፌብሩዋሪ 1፣ ከዚያ ማርች 1። ኦዲተር መጥቶ «የዚህን ሳምንት አሳዩኝ» ሲል ላብ ላብ ይላችኋል።

ስላሽና ሁለት ነጥብ አታስገቡ። ዊንዶውስ ሁለቱንም በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ሊኑክስ ሁለት ነጥቡን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስላሽን ግን የፎልደር መለያ አድርጎ ነው የሚያየው። ችግሩ አብዛኞቹ ዳታቤዞች ቀንን እንዲሁ አውጡት ሲባሉ 2024-01-20 14:30:00 ዓይነት ነገር ነው የሚሰጡት። መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ሁለት ነጥብም አለ። ስለዚህ ፎርማቱን ራሳችሁ መስጠት ግድ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ኤም የምትባል ፊደል

በፈረንጅ ወርም ደቂቃም በኤም ይጀምራሉ። እያንዳንዱ ዳታቤዝ ይሄን ግጭት በየራሱ መንገድ ፈታው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር እጃችን የለመደውን ይጽፋል። ዳታቤዙም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት አይልም። የተጠየቀውን ወር በደቂቃ ቦታ ያስቀምጥና ይቀጥላል።

ኦራክልና ፖስትግሬስ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ቱ ቻር የሚባለውን ፈንክሽን ይጠቀማሉ። አጻጻፉ ይሄ ነው፦ ዋይ አራት ጊዜ፣ ኤም ሁለት ጊዜ፣ ዲ ሁለት ጊዜ፣ አንደርስኮር፣ ኤች ሁለት ጊዜና 24፣ ኤም አይ፣ ኤስ ሁለት ጊዜ። ደቂቃ «ኤም አይ» ነው። ካፒታል ሆነ ስሞል በቁጥር ላይ ለውጥ የለውም። ስለዚህ «ካፒታሉ ወር፣ ስሞሉ ደቂቃ» ብሎ ማምለጥ እዚህ አይሠራም። እኔን የጣለኝም ይኸው ነው። ከኤስኪውኤል ሰርቨር ሥራ መጥቼ ስሞል ኤም ኤም ጻፍኩ። ፖስትግሬስ ወር ነው ብሎ ተቀበለው።

24ቷን አትርሱ። ኤች ኤች ብቻ ካላችሁ ሁለቱም ባለ 12 ሰዓቱን ነው የሚሰጧችሁ። ያኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሠራው ባክአፕና ከቀኑ 8 ሰዓት የተሠራው ሁለቱም 02 ይባላሉ። አንዱ አንዱን ይበላዋል።

ወንድማማቾቹ የሚለያዩበት አንድ ቦታ አለ። ቅድመ ቅጥያውን፣ ማለትም ከቀኑ በፊት የሚመጣውን ቃል፣ ፎርማቱ ውስጥ ስትጨምሩ ኦራክል የማያውቀውን ፊደል ካየ ስህተት ብሎ ይቆማል። ፖስትግሬስ ግን የሚያውቀውን ይተረጉማል፣ የማያውቀውን እንዳለ ያልፋል። አንድ ቀን የፋይሉ ስም «ዳታ» በሚለው ቃል እንዲጀምር ብዬ ዲ ኤ ቲ ኤ ብዬ ፎርማቱ ውስጥ ጻፍኩ። የወጣው ስም በ7 ይጀምራል። 7፣ ከዚያ ኤ ቲ ኤ። ለካ ዲ ብቻዋን ስትቆም የሳምንቱ ቀን ቁጥር ናት። እሑድ 1፣ ቅዳሜ 7። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ቅድመ ቅጥያውን ከፎርማቱ ውጭ አድርጉና በሁለት ቋሚ መስመር አያይዙት። ወይም በድርብ ጥቅስ ውስጥ ዝጉት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጥቅስ በጥቅስ ውስጥ ሲደራረብ ዓይን ያደክማል።

ፖስትግሬስ ላይ ሌላም ነገር አለ። ናው የሚለው ፈንክሽን የሚሰጠው ትራንዛክሽኑ (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠረው የትእዛዞች ጥቅል) የጀመረበትን ሰዓት ነው። አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ሆናችሁ በሉፕ አሥር ፋይል ብታወጡ አሥሩም አንድ ስም ይይዛሉ። ትክክለኛውን የአሁን ሰዓት ከፈለጋችሁ ክሎክ ታይምስታምፕ የሚለውን ጥሩት።

ማይኤስኪውኤል ዴት ፎርማት ይላል። ማሪያዲቢም እንደዚያው። እዚህ እያንዳንዱ ፊደል ፊት ፐርሰንት አለ። ካፒታል ዋይ ባለ አራት አሃዝ ዓመት፣ ስሞል ኤም ወር፣ ስሞል ዲ ቀን፣ ካፒታል ኤች ባለ 24 ሰዓት፣ ስሞል አይ ደቂቃ፣ ስሞል ኤስ ሰከንድ። ደቂቃ አይ መሆኗን ልብ በሉ። ካፒታል ኤም ብትጽፉ የወሩን ስም በእንግሊዝኛ ይጽፍላችኋል። 14ጃንዋሪ00 የሚል የፋይል ስም በዓይኔ አይቻለሁ። ያው ቢያንስ ይሄ ስህተት ወዲያው ይታያል። የኔው 1401 ግን እውነተኛ ሰዓት መስሎ ነው የተቀመጠው።

ማይኤስኪውኤል የሚያበሳጨው ሌላ ቦታ ነው። ውጤቱን ወደ ፋይል አውጣ ስትሉት የፋይሉን ስም በጥቅስ ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀበለው። ፈንክሽን ወይም ቫሪያብል አይገባም። ስለዚህ ትእዛዙን በሙሉ በኮንካት እንደ ጽሑፍ ሰፍታችሁ፣ ፕሪፔር ብላችሁ፣ ከዚያ ኤክሲኪውት ማለት አለባችሁ። ሦስት መስመር ይበዛል። ደግሞ ፋይሉ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ማሽን ላይ ነው፤ ሰርቨሩ የፈቀደላችሁ ፎልደር ውስጥ ብቻ።

ግን አንድ ነገር እወድለታለሁ። በዚያ ስም ፋይል ካለ አይነካውም፤ «አለ» ብሎ ስህተት ይመልሳል። የመድኃኒት ቤቱ ኩዌሪ ማይኤስኪውኤል ላይ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጮህ ነበር። ፖስትግሬስ ኮፒ ሲባል የድሮውን ዝም ብሎ ይደመስሰዋል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁለት መንገድ አለው። የድሮው ኮንቨርት ነው። ስታይሉን በቁጥር ትሰጡታላችሁ። 112 ካላችሁት 20240120 ይሰጣል። ሰዓቱን 108 ካላችሁት 14:30:00 ይሰጣል፤ ሁለት ነጥቦቹን በሪፕሌስ ታወጧቸዋላችሁ። አዲሱ ፎርማት የሚባለው ነው፤ ከ2012 እትም ጀምሮ አለ። እዚያ ዋይ ስሞል አራት ጊዜ፣ ኤም ካፒታል ሁለት ጊዜ ወር፣ ኤም ስሞል ሁለት ጊዜ ደቂቃ፣ ኤች ካፒታል ባለ 24፣ ኤች ስሞል ባለ 12።

ሁለቱን ካወዳደርኳቸው ለፋይል ስም ኮንቨርት ከ112 ጋር ይሻለኛል። ፎርማት ለማንበብ ያምራል። አንድ ሰው ኮዱን ሲያይ ምን እንደሚወጣ ይገባዋል። 112 ግን ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አይገለጥላችሁም። ያም ሆኖ 112 ውስጥ ፊደል የለም። ፊደል ከሌለ የሚምታታ ኤም የለም። ፎርማት ደግሞ ሦስተኛውን ቦታ ባዶ ከተዋችሁት የሴሽኑን፣ ማለትም የገባችሁበትን ግንኙነት፣ ቋንቋ ይከተላል፤ ይሄ ለፋይል ስም የማያስፈልግ ራስ ምታት ነው። ፎርማት ቀርፋፋ ነው የሚለውን ወሬ እዚህ እርሱት። እውነት ነው፤ ሚሊዮን ረድፍ ላይ ከሮጠ ይታወቃል። ለአንድ የፋይል ስም ግን ማን ይቆጥረዋል?

የኤስኪውኤል ሰርቨር ትልቁ ደስታ ባክአፕ የሚለው ትእዛዝ የፋይሉን ስም በቫሪያብል መቀበሉ ነው። ስሙን አንድ መስመር ላይ ሠርታችሁ ቀጣዩ ላይ ትሰጡታላችሁ። እንደ ማይኤስኪውኤል ጽሑፍ መስፋት የለም።

ኤስኪውላይት ስትር ኤፍ ታይም ይላል። ፐርሰንት አለው፣ እንደ ማይኤስኪውኤል ይመስላል፤ አይደለም። እዚህ ስሞል ኤም ወር፣ ካፒታል ኤም ደቂቃ ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨሩ ፎርማት ፍጹም ተቃራኒ! ከ3.27 እትም ጀምሮ ቫኪዩም ኢንቱ የሚል ትእዛዝ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣ ነው። ዳታቤዙን በሙሉ ወደ አዲስ ፋይል ይገለብጣል፤ የፋይሉን ስምም እዚያው በፈንክሽን ሠርታችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ። ለትንንሽ ሱቆች ከዚህ የቀለለ ባክአፕ አላየሁም። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለው፣ የሰዓቱ ጉዳይ። እሱን ለብቻው አመጣዋለሁ።

ሞኒተሬ ጎን በቢጫ ወረቀት ለጥፌ የማየው ይሄን ነው፦

ኦራክልና ፖስትግሬስ፦ ወር ኤም ኤም፣ ደቂቃ ኤም አይ።
ማይኤስኪውኤል፦ ወር ስሞል ኤም፣ ደቂቃ ስሞል አይ። ካፒታል ኤም የወር ስም ነው፣ አትንኩት።
ኤስኪውኤል ሰርቨር በፎርማት፦ ወር ካፒታል ኤም ኤም፣ ደቂቃ ስሞል ኤም ኤም። ቢቻል 112።
ኤስኪውላይት፦ ወር ስሞል ኤም፣ ደቂቃ ካፒታል ኤም።

የማን ሰዓት?

ኢትዮጵያ ከዩቲሲ፣ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። በበጋም ሆነ በክረምት ሰዓት መቀየር የለም። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ሰዓት የሚቀያየርባቸው አገሮች ውስጥ በዓመት አንድ ሌሊት አንዲት ሰዓት ሁለቴ ትመጣለች፤ የፋይል ስሞችም ይጋጫሉ። እኛ ጋ ይሄ ስለሌለ የጎንደርን ሰዓት በፋይል ስም ላይ መጻፍ አደጋ የለውም። ቅርንጫፋችሁ ውጭ አገር ካልሆነ በቀር ዩቲሲ ይሻላል የሚለውን ምክር እኔ አልከተልም። የሚያነበው ሰው እዚሁ ነው ያለው።

ግን የትኛውን እንደምትጽፉ እወቁ። ኤስኪውላይት «ናው» ስትሉት የሚሰጠው ዩቲሲን ነው። ሎካልታይም የሚለውን ቃል ካልጨመራችሁ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ይሄን ያስተማረኝ አንድ ፎቶ አንሺ ነው። ለፎቶዎቹ መዝገብ ኤስኪውላይት የሚጠቀም ፕሮግራም ነበረው። የጥምቀት ሌሊት ፋሲለደስ መዋኛው አጠገብ ሲያነሳ አድሮ በየመሀሉ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣል። በዚያ ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት የተገለበጡት ግን በሙሉ ጃንዋሪ 19 ይላሉ። የከተራ ቀን ማለት ነው።

«ስህተት ነው፣ ላስተካክልልህ» ስለው ተከራከረኝ። «ገና አልነጋም እኮ። ሳይነጋ እንዴት ጥምቀት ይሆናል? ኮምፒውተሩ ልክ ነው!» አለኝ። በእኛ አቆጣጠር ከሄድን ሰውየው አልተሳሳተም። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድንገት ቀኑ ሲቀየርበት እሱም ማስረዳት አቃተው። ሎካልታይም ጨመርንና ተገላገልን። ያው አሁን ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይቀየራል።

ኦራክል ላይ ሲስዴት የሰርቨሩን ማሽን ሰዓት ይሰጣል፤ ከረንት ዴት ደግሞ እናንተ የገባችሁበትን ሴሽን የሰዓት ክልል ይከተላል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ክላውድ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ፖስትግሬስ ላይ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ ስላሽ አዲስ አንደርስኮር አበባ በሚለው ስም በግልጽ መስጠት ትችላላችሁ። እኔ ሁልጊዜ በግልጽ እሰጣለሁ። የሰርቨሩን ሴቲንግ ነገ ማን እንደሚነካው አይታወቅም።

ሴቲንግ መንካት ስል አንድ የማውቀው እንግዳ ማረፊያ አለ። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ የኮምፒውተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አድርጎ «ሀበሻ ሰዓት» አድርጎት ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 8:00 ማየት ሰልችቶት። ምንም ክፋት የለውም። ዳታቤዙ ግን እዚያው ማሽን ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የሚሠራው ባክአፕ በትናንቱ ቀን ይሰየማል። ሰዓቱን ስናስተካክል ደግሞ ስሞቹ መሀል የስድስት ሰዓት ክፍተት ተፈጠረ። ክፍተቱን ያየ ሌላ ሰው «ባክአፕ ተቋርጦ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሀበሻ ሰዓት የሚያሳይ ፕሮግራም ሞልቷል፤ እሱን ጫኑ። የማሽኑን ሰዓት ተዉት።

የማን ዘመን አቆጣጠር?

አለቆች ይሄን ይጠይቃሉ። «ለምን በኛ አቆጣጠር አይሆንም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በጀቱም፣ ደረሰኙም፣ ስብሰባውም በኛው ቀን ነው።

ከአምስቱ ዳታቤዞች ውስጥ የኢትዮጵያን ካሌንደር በራሱ የሚያውቀው ኦራክል ነው። ኤንኤልኤስ ካሌንደር የሚለውን ሴቲንግ ኢትዮጵያን ካደረጋችሁት ቱ ቻር 13 ወሮችን ያውቃል፤ ጳጉሜን ጨምሮ። ሌሎቹ ላይ ወይ ራሳችሁ ፈንክሽን መጻፍ አለባችሁ፣ ወይ ከዳታቤዙ ውጭ መለወጥ አለባችሁ።

አንዳንዱ ደግሞ የኢትዮጵያን ቀን ቀጥታ ዴት በሚባለው ዓምድ ውስጥ ሊከት ይሞክራል። መስከረም ውስጥ ሆኖ ሲሞክር ይሠራል። የካቲት ያው ፌብሩዋሪ አይደለም እንዴ፣ 29 እና 30 ላይ ሲደርስ ዳታቤዙ እምቢ ይላል ብላችሁ እንዳትሞኙ፤ የካቲት 6ኛ ወር ነው፤ 6ኛው ወር 30 ቀን ስላለው ያልፋል። የሚፈነዳው ሁለተኛው ወር ላይ ነው፤ ማለትም ጥቅምት 30። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ! 13ኛው ወር ጳጉሜ ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም። ይሄን አንቀጽ ስጽፍ ራሴ ተምታቶብኝ ሁለቴ ቆጠርኩ፤ እንግዲህ ሌሊት ላይ ኮድ የሚያስተካክል ሰው እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

የወር ስም በአማርኛ ልጻፍ ካላችሁም ድርደራው ይበላሻል። ኮምፒውተሩ በፊደል ኮድ ሲደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። ከመስከረም ቀጥሎ መጋቢት ይመጣል፤ ጥርና ጥቅምት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ኅዳርማ ጉድ ነው። በሃሌታው «ህ» ከጻፋችሁት ከሁሉ ይቀድማል፤ በብዙኃኑ «ኅ» ከጻፋችሁት ከታኅሣሥ በኋላ ይገባል። ጸሐፊዋ አንዱን፣ ሒሳብ ሹሙ ሌላውን ስለሚጽፍ አንድ ወር ሁለት ቦታ ይከፈላል።

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። የፋይሉ ስም በፈረንጅ ቀን በቁጥር ይሁን። ሪፖርቱ ውስጥ፣ ራስጌው ላይ፣ በኛ አቆጣጠር ይጻፍ። አለቃው አሁንም ካልተዋጠላቸው ፎልደሩን 2016_05 ብላችሁ በኢትዮጵያ ዓመትና ወር ቁጥር ሰይሙት፤ ፋይሎቹን ግን አትንኩ። አንድ መሥሪያ ቤት በዚህ ተስማምተን እስካሁን ሰላም ነው።

ኩዌሪው ውስጥ ወይስ ስክሪፕቱ ውስጥ?

ፋይሉን የሚያወጣው ዳታቤዙ ራሱ ከሆነ ስሙንም እዚያው ሥሩት። ፋይሉን የሚያወጣው ከውጭ ያለ ባክአፕ መሣሪያ ከሆነ ስሙን ስክሪፕቱ ይሥራው። ሁለቱን ማደባለቅ ሁለት ሰዓት ማመን ነው።

ሊኑክስ ላይ ዴት የሚለው ትእዛዝ ልክ እንደ ኤስኪውላይት ነው፤ ካፒታል ኤም ደቂቃ። ትእዛዙን ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ትእዛዝ በራሱ የሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ውስጥ ካስገባችሁት እያንዳንዱ ፐርሰንት ፊት የተገለበጠ ስላሽ ጨምሩ። ክሮን ፐርሰንትን እንደ አዲስ መስመር ነው የሚያነበው። ተርሚናል ላይ የሚሠራ ትእዛዝ ክሮን ውስጥ ለምን ሞተ ብሎ ያልተጨነቀ የለም። ዊንዶውስ ላይ ባች ፋይል ውስጥ ያለው ዴት ቫሪያብል የማሽኑን የሪጅን ሴቲንግ ይከተላል። አንዱ ማሽን ላይ ወሩን ያስቀድማል፣ ሌላው ላይ ቀኑን። እሱን ቆራርጦ ስም መሥራት አልመክርም። ፓወርሼል የሚባለው አዲሱ የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ ይሻላል፤ ፊደሎቹም እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ፎርማት ናቸው።

የትም ሥሩት፣ ሰዓቱን አንዴ ብቻ ጠይቁና ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡት። ቀኑን በአንድ ጥሪ፣ ሰዓቱን በሌላ ጥሪ ከጠየቃችሁ እኩለ ሌሊት መሀላቸው ሊገባ ይችላል። ቀኑ የትናንት፣ ሰዓቱ 000000 የሆነ ፋይል ይወጣል። በዓመት አንዴ ይሆናል። ያቺ አንዴ ግን ፋይሉ የተፈለገበት ቀን ትሆናለች።

ስሙ ላይ የሚጻፈው የየትኛው ቀን ነው?

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባክአፕ ከሆነ የተሠራበት ሰዓት ይጻፍ። የቀን ሽያጭ ሪፖርት ከሆነ ግን የሽያጩ ቀን ነው መጻፍ ያለበት። የመድኃኒት ቤቱ የቀን ሪፖርት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል እንዲወጣ ነበር የተቀመጠው። መብራት ሄደ። ማሽኑ የተነሳው በማግስቱ ጠዋት ነው። ተነስቶ ሪፖርቱን አወጣ፣ ስሙ ላይ ግን የዛሬን ቀን ጻፈ። ማታ ደግሞ የዛሬው እውነተኛ ሪፖርት ወጣ። የአንድ ቀን ሁለት ሪፖርት አለ፤ የትናንቱ የለም።

ስለዚህ አሁን ስሙን ከሲስተም ሰዓት አልወስድም። ኩዌሪው ውስጥ ከተመረጡት ሽያጮች ትልቁን ቀን ወስጄ እሱን ፎርማት አደርጋለሁ። መብራት ሄዶ በማግስቱ ቢወጣም ስሙ የሽያጩ ቀን ይሆናል። ሽያጭ የሌለበት ቀን ባዶ እንዳይመጣ የሪፖርቱን ቀን በፓራሜትር መስጠት የበለጠ ንጹሕ ነው። የተሠራበትን ሰዓት ማወቅ ካስፈለገ ከኋላ ይጨመር።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሞክሩት። ግን በማንኛውም ሰዓት አይደለም። ጃንዋሪ ውስጥ ሆናችሁ 01 ደቂቃ ላይ ከሞከራችሁ ወርና ደቂቃ አይለዩም። ጠዋት ላይ ብቻ ከሞከራችሁ ባለ 12ና ባለ 24 ሰዓት አይለዩም። ከምሳ በኋላ፣ ደቂቃው ከ31 በላይ ሲሆን ሞክሩ። ከ31 በላይ የሆነ ቁጥር ወርም ቀንም ሊሆን አይችልም። ከዚያ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት።

ካሸሯንም ያስጠበቅኳት ለዚህ ነው። ታክሲው አዘዞ ሲደርስ መልሼ ደወልኩ።

«አሁን ምን ይላል?»

«1447 ጋሼ።»

«አንድ ደቂቃ ጠብቂና ድገሚው።»

ደንበኛ መጣባት መሰለኝ ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። የመድኃኒት ዋጋ ስትናገር ይሰማኛል። ተመለሰች።

«1451።»